ስለ መንግሥት የትኛውን መጽሐፍ እናንብብ?

እንደሚታወቀው መንግሥት ለተራው ዜጋ በሩቁ የሚሰማ ስም አይደለም። የነቀምቴ ነዋሪ ከደመወዙ የሚቀነሰው ግብር፣ ለመታወቂያ ወረቀት የሚሰለፍበት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ተከፍቶ መዋሉ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለመጓዝ ሲነሣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ጉዳዮች ናቸው። ይህ እስከሆነ ድረስ፣ ስለ መንግሥት ምንነት የተጻፉት ታላላቅ መጻሕፍት የምሁራን ብቻ ንብረት ናቸው የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። መጻሕፍቱ የሚናገሩት ስለ ሠራተኛው ኑሮ ነው፤ ሠራተኛውም የመናገር ብቻ ሳይሆን የማንበብ መብት አለው።

ይሁን እንጂ መብቱ ቢኖርም ጊዜው የለም። የሠርቶ አደሩ የንባብ ሰዓት ከሥራ መልስ ያለው ምሽትና የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከፕላቶ ዘመን ጀምሮ ከ2,300 ዓመት በላይ የተከማቸውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቦ መጨረስ ለማንም አይቻልም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይሆናል። መምረጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አገራችን በዚህ ረገድ የተሳሳተ አካሄድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በራሷ ልጆች ደም የተማረች አገር ናት።

የእኛ አቋም ባጭሩ ይህ ነው። ስለ መንግሥት የሚናገር ማንኛውም መጽሐፍ በሁለት ጥያቄዎች መመዘን ይኖርበታል። አንደኛ፣ የመንግሥትን ወጪ የሚሸከመው ማነው? ሁለተኛ፣ ወደ ሥልጣን የወጣ ሰው በምን መንገድ ይወርዳል፤ የሚያወርደውስ ማነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ መጽሐፍ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን ጎደሎ ነው። ከዚህም ጋር ማንኛውም መጽሐፍ ብቻውን መነበብ የለበትም። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዳሉት፣ አንዱ ከሚከራከረው ከሌላው ጋር ተጣምሮ ሲነበብ ነው አንባቢው ዳኛ የሚሆነው።

መጽሐፍ ለሕዝብ ሲመረጥለት

ይህን አቋም ወደ መሠረቱ ወስደን ብንመረምረው፣ በወለጋ ምድር ስለ መንግሥት የሚነበበውን የመረጠው ለብዙ ዘመን ሕዝቡ ራሱ እንዳልነበረ እንረዳለን። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ከገበሩ ወዲህ፣ በነቀምቴና በማእከላዊው መንግሥት መካከል ብዙ ደብዳቤ ተመላልሷል። በልጃቸው በኩምሳ ሞሮዳ፣ ኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በተባሉት ዘመንም ይኸው ቀጥሏል። ከእነዚህ ሰነዶች ብዙዎቹን አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ የተባሉ የታሪክ ሊቃውንት አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አማካይነት አሳትመዋቸዋል። ስለ ግብርና ስለ ወርቅ፣ ስለ ንግድና ስለ ፍርድ የሚናገሩ ጽሑፎች ናቸው። በእኛ አስተያየት፣ መንግሥት ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ የነቀምቴ አንባቢ ከፕላቶ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባ መዝገብ በራሱ ከተማ አለ ማለት ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ገዥው ጸሐፊና ተጻጻፊ ነው። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበው፣ እህሉን ያመረተው ገበሬ ግን በአብዛኛው የሚቆጠርበት እንጂ የሚናገርበት ስፍራ የለውም።

በዚያው ዘመን የፍርድና የመንግሥት ከፍተኛ መጽሐፍ ተብሎ የሚከበረው ፍትሐ ነገሥት ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ በዓረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ሊቃውንቱ ያነቡታል፤ ተከሳሹና ከሳሹ ግን የሚሰሙት ትርጓሜውን ነው። ዳኛው የሚያነበውን መጽሐፍ ተዳኚው ሊያነበው ካልቻለ፣ ዳኛው ሲሳሳት የሚያርመው አይኖርም።

እዚህ ላይ የአንድን ሰው ታሪክ ማንሣት ተገቢ ይሆናል። በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡትና እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር በመተባበር ከመጀመሪያዎቹ የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት መካከል የሚቆጠሩ ሥራዎችን አዘጋጁ። መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያው አገለገሉ። ነገሩን የምናነሣው ስለ ሃይማኖት ለመናገር አይደለም። አሪስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ባሮች ናቸው የሚል ክርክር አቅርቧል። ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ከነቀምቴ ታሪክ ይገኛል። በገበያ ተሸጠው የነበሩት ሰዎች የሕዝባቸውን ቋንቋ ለጽሑፍ ያበቁ ሊቃውንት ሆነዋልና። ታላቅን መጽሐፍ በራስ አገር ምስክር ፊት አቁሞ መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

አንድ መጽሐፍ ሁለት ወገን

አሁን ደግሞ ከሁሉ ወደሚመረው ትምህርት እንለፍ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ፣ ስለ መንግሥት የሚናገሩ መጻሕፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፋብሪካውና ወደ ቀበሌው ወረዱ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚል ርእስ የተከፈተው ገጽ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄና የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ አስተሳሰቦች የተከራከሩበት ነበር። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ዛሬውኑ ይቋቋም ወይስ ለወታደራዊው መንግሥት ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ፤ ዴሞክራሲ ያለ ገደብ ይሁን ወይስ ለጭቁኖች ብቻ፤ ክርክሩ ይህን የመሰለ ነበር። ጥያቄዎቹ ከባድና ተገቢ ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ምስክር አድርገው የሚጠቅሱት አንድ ዓይነት መጻሕፍትን፣ በተለይም የሌኒንን ድርሰቶች ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ክርክሩ ከጋዜጣ ወደ ጎዳና ወጣ፤ ብዕር በጥይት ተተካ።

ከወለጋ የወጡ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ አላቸው። የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ መሪ የነበሩት ኃይሌ ፊዳ የአርጆ ተወላጅ ናቸው። በፓሪስ የተማሩና በአፋን ኦሮሞ ሰዋስው ላይም የሠሩ ምሁር ነበሩ። ሕዝቡን በንድፈ ሐሳብ ለማንቃት የተቋቋመውን የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት መርተዋል። ሂሳዊ ድጋፍ የሰጡት መንግሥት ግን አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም.ም ገደላቸው። በቦጂ የተወለዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም፣ ስለ ሰው ልጅና ስለ መንግሥት ግንኙነት ከሌላ መጽሐፍ ተነሥተው ሲጽፉና ሲሰብኩ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀው በዚያው ወር፣ ሐምሌ 1 ቀን እንደነበር ልብ ይሏል። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ፣ ሚሊዮኖችን ፊደል ያስቆጠረና በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነበር። ሕዝቡን ማንበብ ያስተማረው መንግሥት፣ አንብበው የተለየ መደምደሚያ ላይ የደረሱትን ገደለ። ከዚህ የበለጠ ቅራኔ ሊኖር አይችልም።

ስህተቱ ከማንበቡ ላይ ነበርን? በፍጹም አልነበረም። ስህተቱ መጽሐፉ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ መሆኑ ነው። ይህንንም በቀበሌ ማኅበራት ታሪክ ላይ በግልጽ ማየት ይቻላል። ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1917 በጻፈው «መንግሥትና አብዮት» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ከ1871 የፓሪስ ኮሚዩን ልምድ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ያስተምራል። ባለሥልጣን ሁሉ ይመረጥ፤ በማንኛውም ጊዜ ይሻር፤ ደመወዙም ከሠራተኛ ደመወዝ አይብለጥ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት መሪዎቻቸውን የሚመርጡ፣ ከ100 ብር በታች የሆነውን የቤት ኪራይ የሚሰበስቡ፣ የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ያላቸው ነበሩ። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉና ኑሮው የተቀራረቡ ይመስሉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 104 ሲወጣና የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሲታጠቁ፣ ቀበሌው የማሰርና የመግደል ሥልጣን የሚሠራበት ስፍራ ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መመረጡን መጽሐፉም አዋጁም ያውቁታል። በምሽት ሰው ከቤቱ ሲወስድ ግን ከሥልጣኑ የሚያወርደው አካል አልነበረም። ከሦስቱ የመጽሐፉ ትምህርቶች ዋናው፣ መሻር፣ ተዘሎ ታለፈ። የሚዘለውን ገጽ የሚያሳይ ሌላ መጽሐፍ በጠረጴዛው ላይ ስላልነበረ የጥናት ክበቡ ዝም አለ።

ከዚያም በኋላ በ1978 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ይኸው ተደገመ። የረቂቁ አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂዎች በ15 ቋንቋዎች ተሠራጭተው፣ በ25,000 ያህል ስፍራዎች በቀበሌና በገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ተደረገባቸው። ከብዛት አንጻር በአገራችን ታሪክ ስለ መንግሥት የተነበበው ትልቁ ጽሑፍ ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውይይቱም ፍሬ አልባ አልነበረም፤ አንዳንድ አንቀጾች ተሻሽለዋል። ነገር ግን አንድ ፓርቲ የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል መሆኑን የሚደነግገው አንቀጽ እንዳለ አለፈ። ይህ ፓርቲ ቢሳሳት ማን ያወርደዋል ብሎ የሚጠይቅ ተሰብሳቢ ጥያቄውን የሚያስደግፍበት መጽሐፍ አልተሰጠውም ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሎ አራት ዓመት ሳይሞላው ከነፓርቲው ወደቀ፤ የወደቀውም በጦርነት ነው።

መጻሕፍቱ በሚዛን ላይ

እንግዲህ ከዚህ ልምድ በመነሣት፣ በነቀምቴም ሆነ በነጆ፣ በመንዲም ሆነ በአርጆ የሚገኝ የሠራተኞች ወይም የነዋሪዎች የጥናት ክበብ ከየት ይጀምር ለሚለው ጥያቄ የምናቀርበው ሐሳብ አለ። ሦስት ጥንዶችን እንመርጣለን።

የመጀመሪያው ጥንድ ከአገር ቤት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በአውሮፓ የተማሩ፣ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነው የሠሩ ሰው ስለነበሩ መንግሥትን የሚያዩት ከዙፋኑ ሳይሆን ከኬላው በኩል ነው። የሀብት ምንጭ ወርቅ ሳይሆን ሥራና እውቀት መሆኑን፣ በየመንገዱ የሚከፈል ቀረጥ ንግድን እንደሚገድል፣ ደመወዝ የሌለው ወታደር በገበሬው ላይ እንደሚያድር፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለባለ እውቀቱ ሕዝብ አገልጋይ ሆኖ እንደሚቀር ያስረዳሉ። ወርቅና ቡና የሚወጣባት ወለጋ ይህን ትምህርት ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። ወጪውን የሚሸከመው ማነው ለሚለው ለመጀመሪያው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ አማርኛ መጽሐፍ አናውቅም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቱኒሱ ተወላጅ ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ሥርወ መንግሥት ሲጀምር በጥቂት ቀረጥ ብዙ ገቢ እንደሚያገኝ፣ ሲያረጅ ግን በብዙ ቀረጥ ጥቂት እንደሚሰበስብ ጽፏል። የድሬዳዋው ነጋድራስና የቱኒሱ ሊቅ በዘመን ቢራራቁም በአሳብ ይገናኛሉ።

ይሁን እንጂ ገብረ ሕይወት ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ደካማ ነው። ተስፋቸውን የጣሉት እውቀት ባለው ንጉሥ ላይ ነው። ንጉሡ እውቀት ባይኖረውስ? ይህን ክፍተት የሚሞላው የገዳ ሥርዓት ጥናት ነው። አስመሮም ለገሰ በቦረና ባደረጉት ምርምር ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ሥልጣን በ8 ዓመት የሚያበቃበትን፣ ተረካቢው ትውልድ ረጅም ዘመን የሚዘጋጅበትን፣ ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ ጉባኤ ከመሪዎቹ በላይ የሚሆንበትን ሥርዓት በዝርዝር ያሳያል። መሪው ካጠፋ ከዘመኑ በፊትም ይወርዳል፤ ለዚህም በቋንቋው «ቡቂሱ» የሚል ቃል አለ። ሥርዓቱ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅም ለወለጋ አንባቢ ጥናቱ ሩቅ እንዳልሆነ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። የራስ የሆነውን ማክበር የራስ የሆነውን አለመመርመር ማለት አይደለም። በገዳ ሥልጣን ሴቶች ስፍራ አልነበራቸውም፤ የሲንቄ ሥርዓት መብታቸውን የሚያስከብሩበት መንገድ ቢሆንም እኩል ሥልጣን ግን አልነበረም። ከዚህም በላይ የወለጋ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሌቃ የገዳው ሥልጣን እየደከመ በምትኩ ሞቲ የተባሉ ወራሽ ገዥዎች ተነሥተዋል። የንግድ መንገድንና የጦር ኃይልን የያዘ ሰው በ8 ዓመት የሚወርድበትን ሥርዓት ሊያፈርሰው ቻለ። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዴት እንደሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተሸነፈም ማጥናት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጥንድ የሆብስና የሎክ ነው። ቶማስ ሆብስ «ሌቫያታን» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1651፣ አገሩ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ከታመሰች በኋላ ነው። ሰዎች ያለ አንድ የበላይ ኃይል ሲኖሩ እርስ በርስ ስለሚፈራሩ ሰላም እንደማያገኙ፣ ስለዚህም መብታቸውን ለአንድ ኃይለኛ ባለሥልጣን አሳልፈው መስጠት እንደሚሻላቸው ይከራከራል። የወለጋ ነዋሪ ይህን መጽሐፍ በቀላሉ ሊንቀው አይችልም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በዘለቀው የትጥቅ ግጭት ስንት ሰው ከቀዬው እንደተፈናቀለ፣ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች እንደተጨፈጨፉ ያውቃል። ለፈራ ሰው ሆብስ የሚያሳምን ደራሲ ነው።

የሚያሳምን በመሆኑም ነው ብቻውን መነበብ የሌለበት። ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ባሳተማቸው ሁለቱ የመንግሥት ድርሰቶች፣ ሰዎች መንግሥት ያቆሙት ሕይወታቸውንና ንብረታቸውን ሊጠብቅላቸው ስለሆነ፣ አደራውን የበላ መንግሥት ሥልጣኑን ያጣል ይላል። ከጎረቤት ፍርሃት ለመዳን ብለን ማንም የማይጠይቀው ኃይል ብናቆም፣ ፍርሃቱ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የቀበሌ ታሪክ ሎክን ያላነበቡ ሰዎች የሎክን ክርክር በሥቃያቸው የተማሩበት ዘመን ነው። በአንጻሩም ሎክን ብቻ ያነበበ ሰው፣ ጠባቂ በሌለበት መንደር መብት ወረቀት ላይ ብቻ እንደሚቀር ሆብስ ያስታውሰዋል።

ሦስተኛው ጥንድ የሌኒን «መንግሥትና አብዮት» ከሞንተስኪዩ «የሕጎች መንፈስ» ጋር ነው። የመጀመሪያውን ከመደርደሪያ አውጥተን እንጣል የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። በስሙ ብዙ ግፍ የተፈጸመበትን መጽሐፍ ማንበብ ግፉን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ስለ መንግሥትና ስለ መደብ ያነሣቸው ጥያቄዎችም በመንግሥት መውደቅ ብቻ የሚሻሩ አይደሉም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1748 የታተመው የሞንተስኪዩ መጽሐፍ፣ ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ዳኛው በአንድ እጅ ሲገቡ ነፃነት እንደማይኖር ስለሚያስተምር አጠገቡ መቀመጥ አለበት። የቀበሌው ማኅበር ጥበቃም፣ ዳኛም፣ አሳሪም ሆኖ ያየ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፕላቶስ፣ ማኪያቬሊስ የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሳችን በኋላ ይድረሳሉ ነው። የፕላቶ «ሪፐብሊክ» የሚያውቁት ይግዙ የሚል መጽሐፍ ነው፤ የሚያውቁት ሲሳሳቱ ስለሚወርዱበት መንገድ ግን በቂ መልስ የለውም። ማኪያቬሊ እ.ኤ.አ. በ1513 የጻፈው «ልዑሉ» ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝና እንደሚጠበቅ ያስተምራል። ይህ ለገዥው መመሪያ ቢመስልም ተገዢው ቢያነበው ተንኮሉን አስቀድሞ ያውቅበታል። ይኸው ደራሲ ግን ስለ ጥንታዊት ሮም በጻፈው ሌላ መጽሐፍ ሕዝባዊ አስተዳደርን የሚያወድስ መሆኑን ሳያውቁ በአንዱ ብቻ መፍረድ ስህተት ነው።

ከንባብ ወደ ተግባር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ስለ ቀድሞው ሥርዓት ብዙ ይነግረናል። በዚህ አባባል ውስጥ ሿሚውም ሻሪውም ንጉሡ ነው፤ የሚበላው ሹሙ ነው፤ የሚበላበት ሕዝብ ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንኳ አልተጠቀሰም። የምናነባቸው መጻሕፍት ሁሉ ዓላማ ይህን ዓረፍተ ነገር መለወጥ፣ ሿሚውንም ሻሪውንም ሕዝቡ ማድረግ መሆን ይገባዋል።

ይህም ሩቅ ሕልም ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። የገዳው ቡቂሱ፣ የፓሪስ ኮሚዩን ልምድና የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንድ ቃል ተገናኝተዋል ማለት ነው። ቃሉ በወረቀት ላይ ሠፍሯል። በቃሉ ለመጠቀም ግን ቃሉን ያነበበ፣ ታሪኩን የሚያውቅና የሌላውን ክርክር ያለ ጠመንጃ መስማት የሚችል ሕዝብ ያስፈልጋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል የተካሄዱት ሁለት ዙር ድርድሮች ያለ ስምምነት ማብቃታቸው የሚያሳዝነን ለዚህ ነው። በመሪዎች ጠረጴዛ ላይ ያልተቋጨው ጥያቄ በየመንደሩ የሰው ሕይወት ይበላልና፣ በየመንደሩም በሰላም የሚከራከር ሰው ሊኖር ይገባል።

በተግባር ረገድ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ክበቡ ከ10 እስከ 15 ሰው ቢሆን ይበቃል። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አንዱን ወገን የሚከላከሉና ሌላውን የሚከላከሉ አባላት ይመደቡ፤ በሳምንቱ ደግሞ ቦታ ይለዋወጡ። የትናንቱን ተቃዋሚ ክርክር ዛሬ በራሱ አፍ ያቀረበ ሰው፣ ነገ በዚያ አሳብ ምክንያት ጎረቤቱን ለመግደል አይነሣም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚገኘውን መጽሐፍ፣ የአስመሮም ለገሰን ጭምር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እያነበበ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይተርክ። በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ለዚህ የሚሆን እውቀት አላቸው፤ እውቀቱ ከግቢው አጥር ወጥቶ ወደ ቀበሌው መድረስ አለበት። አረጋውያንም ይጋበዙ። የ1967ን አዋጅ በሬዲዮ የሰሙ፣ የ1978ን ረቂቅ በስብሰባ የተወያዩ ሰዎች ሕያዋን መጻሕፍት ናቸው።

ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ምሽት በሁለቱ ጥያቄዎች ይዘጋ። ይህ መጽሐፍ የመንግሥትን ወጪ የሚሸከመው ማነው ይላል? ሥልጣን የያዘውንስ ማን ያወርደዋል ይላል? መልሱ ከራሳችን ቀበሌ አሠራር ጋር ይነጻጸር። መዋጮው ለምን እንደዋለ፣ ሒሳቡ ለነዋሪው መቼ እንደቀረበ፣ የተመረጠው ኮሚቴ ዘመኑ መቼ እንደሚያበቃ የማይጠይቅ ክበብ ፕላቶንም ሌኒንንም ቢያነብ አላነበበም።

ኃይሌ ፊዳና ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወጥተው፣ የተለያዩ መጻሕፍት ይዘው፣ በአንድ ዘመን በአንድ ኃይል ጠፉ። እነርሱን ከገደለው አስተሳሰብ የምንለየው፣ ትክክለኛውን አንድ መጽሐፍ በመያዛችን አይሆንም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መጻሕፍት እንዲቀመጡ በመፍቀዳችን፣ የሁለቱም አንባቢዎች በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲገቡ በማድረጋችን ነው። የነቀምቴና የወለጋ ከተሞች ሠራተኞችና ነዋሪዎች ከዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲሰባሰቡ ጥሪ የምናደርገውም ለዚሁ ነው።